ማሽላ የቆመበት ጥግ

ባለፈው ዓመት ከደሴ ወደ ወልድያ ስሄድ ሚኒባሱ ሐይቅ ከተማ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። መንገዱ ዳር አንዲት ሴት ሰፊ መጥበሻ ጥዳ ዓሣ ትጠብሳለች። ሽታው በመስኮቱ ገብቶ መኪናውን ሞላው። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ እኔ መስኮቱን ይበልጥ ገፋ አድርጌ ከፈትሁት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ አፍንጫዬ ግን ዓርብ ነው አለኝ።

እኛ ቤት ዓሣ የዓርብ ነው። አባቴ ካቶሊክ ነበር። ያኔ ሐይቅ ላይ ካቶሊክ መሆን ምን ማለት እንደነበር ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይቸግራል፤ እኛ በምናውቀው ሁሉ ከተማው ውስጥ ካቶሊኩ እሱ ብቻ ነበርና። እኔንና እናቴ ጀርባ ላይ የሚውለውን ታናሽ ወንድሜን ከጨመራችሁ ሦስት እንሆናለን። ሞኒካ ብሎ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ዘሃራ፣ ሰይድ፣ ይመርና አበባ ሲባሉ እኔ ሞኒካ ነበርሁ፤ መምህራችን ስም ሲጠሩ እኔ ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

አባዬ የተወለደው ወላይታ ነው። ወታደር ሆኖ ሰሜን ዘመተ፤ ሠራዊቱ ሲበተን እንደ ሌላው ሁሉ በእግሩ ወደ አገሩ አቀና። ሐይቅ ሲደርስ ጎኑ ላይ ያለው ቁስል አላስኬድ አለው። አያ ይማም የሚባሉ ገበሬ ከእርሻቸው ጥግ ወድቆ አገኙት፤ አንስተው ቤታቸው አስገቡት። ቁስሉ እስኪሽር ብሎ ሰነበተ። ሲሽርለት ወፍጮ ቤት ሥራ አገኘ፤ ወፍጮ ቤት ደግሞ ከአምባሰል የወረደች፣ አክስቷ ዘንድ የምትኖር አንዲት ልጅ እህል ይዛ መጣች። እማዬ ማለት ያቺ ናት። «እህሌን ፈጭቶ ዱቄቱን ተሸክሞልኝ ቤት ድረስ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም» ትላለች።

ማታ ማታ ከወፍጮ ቤት ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነሳው ወንድሜን ነው። ልጁ በዱቄት ይለወስና እናቴ ትቆጣለች። ቅዳሜ የሁላችንንም ጫማ አሰልፎ ይጠርጋል፤ አልጋውን እንደ ጦር ሰፈር ወታደር አጣጥፎ ያነጥፋል፤ ውኃም ይቀዳል። የሰፈሩ ወንዶች ባልዲ ይዞ ሲያዩት «ሃምሳ አለቃ፣ ሚስትህ ስንት አለቃ ናት?» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቅና ባልዲውን ይዞ ያልፋል። ራት ከበላን በኋላ ከማርያም ሥዕል ሥር አስቀምጦን መቁጠሪያውን ያወጣል። እማዬ የራሷን ጸሎት በልቧ ታደርሳለች፤ እኔ አብሬው እጀምርና ሳይጨርስ እተኛለሁ።

የእኔ ሥራ ዓርብ ዓርብ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ማምጣት ነበር። አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በስንጥቡ ገመድ ሰክተው ያስይዙኛል፤ እየተንጠባጠበ፣ ቀሚሴ እየራሰ እመጣለሁ። አባዬ ዓርብ ሥጋ አይበላም፤ ዓሣ ግን ይበላል። በሁዳዴ ጾም እማዬ ሽታው እንዳይደርስባት ከቤቱ ጀርባ ምድጃ ሠርቶ ራሱ ይጠብሳል። ልክ ሲበስል አያ ይማም ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ይደርሳሉ። የእኛን ሥጋ እሳቸው አይበሉም፣ የእሳቸውን እኛ አንበላም፤ ዓሣ ግን አይታረድም። ከሐይቁ የሚወጣው የማንም ሳይባል ይበላል። ስለዚህ ዓርብን የሚያህል ቀን አልነበራቸውም። በልተው ሲጨርሱ ሁለቱም መቁጠሪያቸውን አውጥተው ግድግዳው ሥር ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እኔ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ የሚወዳደሩ ይመስለኝ ነበር። ለአባዬ እያደላሁ እጠብቃለሁ።

ብዙ ነገር እንዲህ ነበር የሚመስለኝ። እሑድ እማዬን ቤተ ክርስቲያን እናደርሳታለን። እሷ ሕፃኑን አዝላ ትገባለች፤ አባዬ ከቅጥሩ ውጭ ከወይራው ሥር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም። ወታደር ስለሆነ ዘበኛ ያደረጉት መሰለኝ። በወር አንድ እሑድ ግን እኔና እሱ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ለቅዳሴ እንሄዳለን። መጀመሪያ የወሰደኝ ቀን ሰተት ብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ጎትቼ አስቆምሁትና በሩን ማን ይጠብቅ ብዬ ጠየቅሁት። መልሱን አላስታውስም፤ እጄን ጠበቅ አድርጎ እንደያዘኝ ብቻ አስታውሳለሁ።

ሰዉ ሁሉ ሃምሳ አለቃ ነበር የሚለው። እኔም ሃምሳዎቹ የት እንዳሉ አንድ ቀን ጠየቅሁት። ዶማውን በዘይት ጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«የቻሉት ቤታቸው ገቡ፤ ያልቻሉት እዚያው ቀሩ» አለኝ።

«ማን ቀበራቸው?»

ጨርቁን አጣጠፈው። «ቸኩለን ነበር» አለ።

እኔ ትምህርት ቤት እንደሚረፍድበት ሰው ዓይነት ችኮላ መሰለኝና ተውሁት።

ዶማው የቅሬ ዶማ ነበር። በእኛ አገር ቅሬ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሰፈርተኛው የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ጥሪ ይሰማል፣ ወንዶቹ ለቁፋሮ ይወጣሉ። ምሽግ ሲቆፍር የኖረው አባቴ ግንባር ቀደም ነው። የሙስሊሙን መቃብር በቂብላው አስተካክሎ፣ ሟቹ የሚያርፍበትን ጎን ፈልፍሎ ያወጣል፤ የክርስቲያኑንም እንደ ወጉ። ጠርዙን በእጁ መዳፍ ይዳብሰዋል፣ ሥር ካለ ይቆርጣል፣ ጠጠር ካለ ይለቅማል። ሌሎቹ ፀሐዩ ሲከብዳቸው ይብቃ ይሉታል፤ እሱ አይሰማም። በወፍጮ ቤት ፈጣን የተባለ ሰው መቃብር ላይ ሲሆን አይቸኩልም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር ነበር። አባዬ ጠዋት ዶማውን ይዞ ይሄዳል፣ ይቆፍራል፤ ሬሳው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚቀድመው ጉድጓዱ ነው ማለት ነው። ጉድጓድ ሲዘጋጅ ሰው ይመጣለታል፤ ካልተዘጋጀ ማንም አይሞትም። ለማንም አልተናገርሁም እንጂ በእርግጠኝነት የማውቀው ነገር ነበር።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል አባዬ ታመመ። ጎኑ ውስጥ የቀረችው የቦምብ ፍንጣሪ አመረቀዘችበት። ትኩሳት ያዘው፤ ወፍጮ ቤት መሄድ አቃተው፤ ግድግዳውን እየያዘ መራመድ ጀመረ። የጤና ጣቢያው ሰዎች ደሴ ሄዶ ቀዶ ጥገና እንዲደረግለት ነገሩት፤ እስከዚያው ጥቂት እንዲበረታ መድኃኒት ሰጡት። እማዬ ሰው ፊት አታለቅስም፤ ጓዳ ገብታ ግን የአፍንጫዋ ድምፅ ይሰማኛል።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ ቄስ ሞላ ከውጫሌ በላይ ካለው አገራቸው ወርደው መጡ። አባዬ ካልተነሣሁ ብሎ ተነሥቶ ተቀበላቸው። እኔ ደጃፉ ላይ ሽምብራ እየለቀምሁ ነበር። ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ብዙ ካወሩ በኋላ ቄስ ሞላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ክፉ አላስብልህም፤ ግን የሰው ቀኑ አይታወቅም። እዚህ አገር ላንተ የሚሆን መቀበሪያ የለም። ከቤተ ክርስቲያናችን ብትገባ ከሚስትህ፣ ከልጆችህ ጋር ታርፋለህ።»

አባዬ ጎኑን ይዞ ቀና አለ። «ቄስ ሞላ፣ እርስዎም ሲቀድሱ እኔም ስጸልይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን እንላለን። እኔ አንዴ ተጠምቄያለሁ። ዛሬ ደግሜ ብጠመቅ የመጀመሪያዋን ውሸት ነበረች ማለቴ ነው።»

«እና የት ልትሆን ነው?»

«እኔ ስንቱን ሜዳ ላይ ትቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ለእኔ መሬት ቢታጣ ምን ይገርማል?»

ቄስ ሞላ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ። በመጨረሻ በእኔ ቢሆን ኖሮ አስገባህ ነበር፣ ቤቱ ግን የእኔ አይደለም አሉት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሲወጡ ራሴን ሳሙኝ፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

እማዬ ጓዳ ገባች። እኔ ሽምብራዬን ይዤ ቁጭ አልሁና ደስታ ልቤን ሞላው። ላንተ የሚሆን መቀበሪያ የለም ተብሏል። ቦታ ከሌለው ደግሞ ጉድጓድ የለም፤ ጉድጓድ ከሌለ አባዬ አይሞትም። ይህን የመሰለ ነገር ሰምታ እናቴ ለምን እንደምታለቅስ ሊገባኝ አልቻለም።

በማግሥቱ ለዘሃራ ነገርኋት። ሰው ሁሉ ይሞታል አለችኝ። ቦታ ካለው ነው አልኋት። ገመድ መዝለሏን ቀጠለች፣ እኔም አሸነፍሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አባዬ እየከሳ፣ ጉንጩ እየገባ ሲሄድ ጎረቤት ሁሉ ከንፈር ሲመጥ እኔ ገመድ እዘላለሁ። ይቺ ልጅ አንጀቷ ድንጋይ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ለነገሩ ልክ ነበሩ። የሚታመም እንጂ የማይሞት አባት ያላት ልጅ ምን ያስጨንቃታል?

ወደ ደሴ የሚሄድበት ቀን ሲቃረብ፣ የዓርብ ዓሣ ስንበላ አያ ይማም ሳይቀመጡ ቆሙ። አባዬ ብዙ አይበላም ነበር፤ ያም ሆኖ መጥበሱን አልተወም። አያ ይማም ቅሬው ስለ እሱ ተሰብስቦ እንደነበር ነገሩት። ሰዉ ሁሉ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ነበር አሉ፤ የሁሉንም አባትና እናት መቃብር የቆፈረ ሰው የራሱን አጥቶ ማየት ለማንም አልዋጥ ብሎት።

«ያቺ የእርሻዬ ጥግ ያንተ ናት» አሉት። «እኔ ሰጠሁህ አልልም። ወድቀህ ያገኘሁህ እዚያው ነው፤ ራስህ ነህ ቀድመህ የተኛህባት።»

አባዬ እጁ ላይ የነበረውን ዓሣ አስቀመጠ። ተነሥቶ የአያ ይማምን ትከሻ ሳመ። እማዬ ሽታውን ረስታ ከጓዳ ወጥታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እጇን ይዘው አነሷት። እሷም ከእሱ አጠገብ መሆን ትችል እንደሆነ ጠየቀች፤ ሰፊ ናት አሏት። ሦስቱም ያለቅሳሉ፣ ሦስቱም ይስቃሉ። እኔ ድርሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አባዬ ቦታውን ካላየሁ አለ። ዶማውን ምርኩዝ አድርጎ፣ ሌላ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ቀስ እያልን ወጣን። አያ ይማም በሬዎቻቸውን አቁመው ይጠብቁናል። እርሻው ዳገቱ ላይ ነው፤ ከታች አስፋልቱ፣ ከዚያ ማዶ ሐይቁ ይታያል። ጥጓ ከአንድ የግራር ዛፍ ሥር ናት። አባዬ ዞር ዞር ብሎ አያት፤ በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አደረጋት። ከዚያ ዶማውን አንስቶ መታት። ትንሽ ቆፈረና አፈሩን በእጁ አፍሶ አሸው።

«ጥሩ አፈር ነው፤ ውኃ አይቋጥርም» አለ። ቤት ሊሠራ ቦታ እንደሚመርጥ ሰው ደስ ብሎት ነበር።

እኔ ጮህሁ። ጉድጓዷ ላይ ተንበርክኬ አፈሩን በሁለት እጄ መመለስ ጀመርሁ። አባዬ ሊያነሳኝ ሲል እጁን ገፋሁት። ምን እንደሆንሁ ሲጠይቁኝ ለአባዬ ሳይሆን ለአያ ይማም ነበር የተናገርሁት።

«አያ ይማም፣ መሬቱን መልሰው ይውሰዱት። አባዬ ቦታ ካገኘ ይሞታል።»

ሁለቱ ተያዩ። አባዬ ሊስቅ ሞከረና ጎኑን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰው የሚሞተው ቀኑ ሲደርስ ነው እንጂ ቦታ ስላገኘ አይደለም ብሎ ሊያስረዳኝ ጀመረ። ቀን የሚለውን ስሰማ የባሰ አለቀስሁ። አያ ይማም ግን አልሳቁም፣ ሊያስረዱኝም አልሞከሩም። ፊቴ ቁጢጥ ብለው አብረውኝ አፈሩን መመለስ ጀመሩ።

«አብሽሪ ሆዴ» አሉኝ። «የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ነው፤ አልወስደውም። ግን እዘራበታለሁ። ማሽላ የቆመበት መሬት ላይ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው እዚህ አገር አይተሻል?»

አላየሁም ነበር።

«እንግዲያው ማሽላው ቆሞ ሳለ አባትሽ የትም አይሄድም።»

«ሲታጨድስ?»

«አገዳውን አቆይልሻለሁ። ከዚያ ደግሞ እዘራለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

ወደ አባዬ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ። «አላህ እስከፈቀደልኝ» አሉ።

አባዬና እማዬ ደሴ ሲሄዱ እኔ አያ ይማም ቤት ቀረሁ። የበልጉ ዝናብ ጣለ፤ ጥጓን አረሷት፣ ዘሩን እኔ ራሴ እንድበትን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እዚያ ሳልደርስ አልውልም። ፍየል እንዳይበላት እሾህ አጠርንባት። ቡቃያው እንደ መርፌ ብቅ ያለ ዕለት አያ ይማምን ከሶላታቸው ላይ ልጠራቸው ስል ሚስታቸው በአፌ ላይ እጃቸውን አደረጉ። ሰላም ብለው ሲጨርሱ ብቻ ተናገርሁ። ሐይቅና ደሴ ቅርብ ነው፤ ወሬ በየቀኑ ይመጣል። ቀዶ ጥገናው ከብዷል ሲባልም፣ ደም አነሰው ሲባልም ሰዉ ወደ እኔ አያይም፤ እኔ ቡቃያዬን ነበር የማየው።

ማሽላው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ አባዬ ተመለሰ። ቀጥኖ ነበር፣ ኮቱ ሌላ ሰው የለበሰው ይመስላል። ፍንጣሪዋን በመድኃኒት ብልቃጥ ይዟት መጥቶ ከማርያም ሥዕል ሥር አስቀመጣት። ጎረቤቱ ሁሉ ተአምር ነው አለ፤ እማዬ ስለቷን አገባች፤ አባዬ ኮምቦልቻ ሄዶ ቅዳሴ አስቀደሰ። እኔ ግን አልገረመኝም።

አያ ይማም ቃላቸውን ጠበቁ። በየዓመቱ ከሌላው እርሻ ሁሉ ቀድመው የሚዘሩት ያቺን ጥግ ነበር፤ በበጋ የሌላውን አገዳ ለከብት ሲያነሱ የእሷን ሳይነኩ ይተዋሉ። እኔ አድጌ ነገሩ ከገባኝ በኋላም፣ እኔ ራሴ ተዉት ካልኋቸው በኋላም አልተዉም። አባዬ ደግሞ በክረምት ወጥቶ አረሙን ይነቅልላቸዋል። «ይህ ሰውዬ መቃብር ሰጥቶኝ አራሚ አደረገኝ» እያለ ያማቸው ነበር፤ ፊት ለፊታቸው። እኔ ደሴ ሥራ ከያዝሁ በኋላ ወደ ቤት ስመጣ ሁልጊዜ በዳገቱ በኩል ባለው መስኮት እቀመጣለሁ። ግራሩ ሥር ማሽላውን ሳየው ወደ ኋላ ደገፍ እላለሁ።

አንድ ነሐሴ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። አባትሽ ትንሽ አሞታልና ነይ ተባልሁ። በአገራችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስልኩን የያዘው ሰው ግን ላለማወቅ ይታገላል። እኔም ታገልሁ። ጉንፋን ይሆናል፣ ጎኑ ይሆናል እያልሁ መጣሁ። ሐይቅ ልንገባ ስንል ዳገቱ ታየ። ማሽላው ሁሉ ሳይደርስ፣ እንደ ለመለመ ቆሟል። ከግራሩ ሥር ያለችው ጥግ ብቻ ታጭዳ ባዶዋን ቀርታለች።

ከዚያ በኋላ መርዶ ነጋሪ አላስፈለገኝም። እዚያው አውርዱኝ አልሁና በእርሻው መሃል ወጣሁ። የቅሬው ሰዎች ጥጓ ላይ ነበሩ፤ ከኮምቦልቻ የመጡት የካቶሊኩ ቄስ በጭቃው መንገድ ወጥተው ጫማቸው እንደ ጨቀየ ቆመዋል፣ ቄስ ሞላም ጃንጥላቸውን ይዘው አጠገባቸው አሉ። አያ ይማም ዳር ላይ ተቀምጠዋል። ማጭዳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ለምለሙ ማሽላ ለብቻው ተከምሯል። እርጅና ከማጎንበስ ከልክሏቸው ቆይቷል፤ ግን ሌላ ሰው እንዲያጭደው አልፈቀዱም አሉኝ። ሲያዩኝ ለመነሣት ሞከሩ፤ ቀድሜ ተንበረከክሁላቸው።

«አፉ በይኝ ሆዴ» አሉኝ። «ከዚህ በላይ ላቆየው አልቻልሁም።»

አፉ ብያለሁ አልኋቸው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጬ ቁፋሮውን አየሁ። አንዱ ሥር ይቆርጣል፣ አንዱ ጠጠር ይለቅማል፣ አንዱ ጠርዙን በመዳፉ ይዳብሳል። ማንም አልቸኮለም።